ደሴን በስልክ ተነጠቅሁ

ደሴን የተነጠቅሁት አንድ ዓርብ ከሰዓት በኋላ፣ አል አይን፣ ዛኸር ሰፈር ባለው ቤታችን ሳሎን ውስጥ፣ ሻይዬን ሳልጨርስ ነው። በጦርነት አይደለም። በስልክ ነው። የወሰደችብኝም የልጄ አማት ናት።

ነገሩን ከሥሩ ካላስረዳሁ «ሴትዮዋን ሙቀቱ ናላዋን አዙሮታል» ትሉ ይሆናል። ሙቀቱማ አዙሮኛል። አል አይን ላይ በነሐሴ ናላው ያልዞረ ሰው ካለ፣ እሱ ድሮም የዞረ ነው። የእኔ ጉዳይ ግን ሌላ ነው።

ልጄ ሰዓዳ የልብስ ሱቅ ውስጥ ትሠራለች። ባሏ አሕመድ የውኃ መኪና ይነዳል። አንዲት ልጅ አለቻቸው፤ ሃናን ትባላለች፤ ስምንት ዓመቷ ነው። እናትና አባት ቀኑን ሙሉ ሥራ ላይ ስለሚውሉ ሃናንን ከትምህርት ቤት አውቶቡስ የምቀበላት፣ ፀጉሯን የምጎነጉናት፣ ሩዙን ትታ ዶሮውን ብቻ ስትለቅም የምቆጣት እኔ ነኝ። ይኼ ሁሉ የማይታይ ሥራ ነው። የሚታየው ሌላ ቦታ ነው።

የሚታየው አቡ ዳቢ ነው፤ አል ኻሊዲያ። እዚያ የአሕመድ እናት ወይዘሮ ዘሃራ ከትንሹ ልጇ ከጀማል ጋር ትኖራለች። ጀማል ያስ ደሴት ላይ ሆቴል ውስጥ ነው የሚሠራው። ሃናን እዚያ ሄዳ በተመለሰች ቁጥር፣ ከከፍተኛው ፎቅ መስኮት ሆና ስላየችው መርከብ ትነግረኛለች። የመርከቡን ቀለም ትነግረኛለች። መርከቡ እንዴት እንደዞረ ትነግረኛለች። እኔ ምን አለኝ? ግቢያችን ውስጥ አንዲት የሎሚ ዛፍ አለችኝ፤ እሷም አፍርታ አታውቅም። ማዶ የሐፊት ተራራ ይታየኛል። ተራራ ደግሞ ዛሬም ነገም እዚያው ነው። መርከብ ይመጣል፣ ይሄዳል፤ ልጅ የሚመጣና የሚሄድ ነገር ይወዳል። ሁልጊዜ ያለውን ማን ዞር ብሎ ያየዋል? ተራራውና እኔ በዚህ ነገር አንድ ነን።

መቅናቴን አልደብቅም። እኔ የደም ግፊትም ቅናትም አለብኝ፤ ክኒን የሚሰጡኝ ግን ለአንዱ ብቻ ነው።

ደግሞም ቅናቴ ዝም ብሎ ክፋት አይደለም። እኔ እኩልነት የምወድ ሴት ነኝ። በእኛ ቤት ማንጎ ሲከፈል የቆረጠው ሰው አይመርጥም፤ ቀድሞ የሚያነሣው ሌላው ነው። ቢላዋ የያዘው ሁሉ ያን ጊዜ እጁ ቀጥ ይላል። ይህን ሕግ ለሃናን ያስተማርኳት ገና ሙሉ ጥርስ ሳታበቅል ነው። አንድ ቀን አባቷ ራሱ ቆርጦ ራሱ ትልቁን ሲያነሣ፣ «አባዬ፣ ፌር አይደለም» ብላ ከእጁ ነጠቀችው። ያን ቀን እንዴት እንደኮራሁ አትጠይቁኝ። ትምህርቴ ዞሮ እኔኑ እንደሚነክሰኝ በምን ልወቅ?

ታዲያ ሃናን አንድ ቀን ከትምህርት ቤት «የአያቶቻችሁን ጨዋታ ተምራችሁ ኑ» ተብላ መጣች። እንቆቅልሽ አስተማርኳት። እዚህ አገር ለተወለዱ ልጆች ስል ደንቡን ልንገራችሁ። ጠያቂዋ «እንቆቅልሽ» ትላለች። ተጠያቂዋ «ምን አውቅልሽ» ትላለች። ጥያቄው ይመጣል። ተጠያቂዋ ካላወቀች ጠያቂዋ «አገር ስጪኝ» ብላ ታስጨንቃታለች። አገር መስጠት ግዴታ ነው። አገሩን የተቀበለችው ደግሞ እዚያ አገር ገብታ እንዴት ተንደላቅቃ እንደምትኖር እየዘረዘረች ትፎክራለች፤ አገር የሰጠችው አፏን ይዛ ትሰማለች።

ሃናን ወደደችው። ወድዳው ብትቀመጥ ጥሩ ነበር። «ዓርብ ዓርብ ከእማማ ዘሃራ ጋር በቪዲዮ እንጫወት» አለች። ጨዋታው እንዲፈጥንም አንድ ሕግ ጨመረች፤ ተጠያቂዋ በትክክል ከመለሰች ከጠያቂዋ አገር ትወስዳለች። እኩል መሰለኝ። በገዛ አፌ አጸደቅሁት።

እኔና ወይዘሮ ዘሃራ በደህናው ቀን «እርስዎ» ነው የምንባባለው።

«እንደምን ሰነበቱ፣ እትዬ?»

«አልሐምዱሊላህ። እርስዎስ፣ ጉልበትዎ ተሻለዎት?»

«ደህና ነኝ። የእርስዎስ ዓይን?»

እንዲህ እየተባባልን አንዳችን የሌላችንን በሽታ ቆጥረን እንጨርሳለን። እንቆቅልሽ ግን «አንቺ» ካልሆነ አይሆንም። ስለዚህ ዓመታት የታፈነ «አንቺ» በሙሉ ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ይወጣል።

መጀመሪያው ዓርብ አሸነፍኳት። ከሚሴን ሰጠችኝ። ከሚሴ ገብቼ፣ በቅሎ ላይ ተቀምጬ፣ እሷን ልጓም አስይዤ ፎከርኩ። ወይዘሮ ዘሃራ «ራሴን አሞኛል» ብላ ስልኩን ዘጋችው። ቀጥሎ ያለውን ዓርብ አልደወለችም። የሚቀጥለውንም አልደወለችም። እኔ በበኩሌ ሻይዬን በሰላም ጠጣሁ።

ስትመለስ ሌላ ሴት ሆና ተመለሰች። ምን ብጠይቃት ታውቃለች። ጥያቄውን ትሰማለች፣ አንገቷን ደፋ ታደርጋለች፣ ዱዓ የምታደርግ ትመስላለች፣ ከዚያ ቀና ብላ መልሱን ታስቀምጠዋለች። ከሚሴን አስመለሰች። ኮምቦልቻን ወሰደች። ሐይቅ ሄደ፣ ውጫሌ ሄደ፣ መርሳ ሄደ። ወልዲያም ተከተለ። ወሎ እንዲህ በቶሎ የሚያልቅ አይመስለኝም ነበር።

በመጨረሻ የቀረችኝ የተወለድኩባት ደሴ ናት። በደሴ ስጫወት ጥንቃቄ አደረግሁ። ከማንም ያልሰማሁትን፣ ከገዛ ራሴ ያወጣሁትን ጠየቅኋት።

«ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ይተነፍሳል፣ እንባው ግን ከደጅ ይፈስሳል።»

አንገቷን ደፋች። ቀና አለች።

«ኤሲ» አለች፤ የቤት ማቀዝቀዣው።

ይታያችሁ። ባቲ ተወልዳ ያደገች ሴት፣ እኔ ትናንት ያወጣሁትን እንቆቅልሽ አወቀች።

«ደሴን ሰጥቼሻለሁ» አልኩ። ጥርሴ አልከፈት ብሎኝ ነው ያልኩት።

«ደሴ ገብቼ» አለች ወይዘሮ ዘሃራ፣ ድምፅዋን አሳምራ፤ «ጦሳ ግርጌ ቤት ሠርቼ፣ ማሩን ለኔ፣ ሰፈፉን ላንቺ ትቼ።»

ሃናን ከሶፋው ተንከባልላ ምንጣፉ ላይ እስክትወድቅ ሳቀች። ደሴ መሄዷ አንድ ነገር ነው። ያ ሳቅ ግን ውስጤ ገብቶ ቀረ። እኔ አሸንፌ ከሚሴ ስገባ እንደዚያ አልወደቀችም።

እዚህ ላይ ቢያበቃ ደግ ነበር። ጀማል ግን ቀርጾት ኖሮ ኢንተርኔት ላይ ለቀቀው። «የአያቶች ፍልሚያ፦ ኻሊዲያ ከዛኸር» አለው። ያየሁት ከጎረቤታችን ስልክ ላይ ነው። ሞተር ብስክሌት ላይ የተቀመጠ ፍየል ይመጣል፣ ከዚያ እኛ እንመጣለን፣ ከዚያ ሽንኩርት እንደ ፖም የሚገምጥ ጎረምሳ ይመጣል። ደሴን ያጣሁት በፍየልና በሽንኩርት መካከል ነው።

ሰው ደግሞ አስተያየት ይጽፋል። እኔ መሠረተ ትምህርት የተማርኩ ነኝ፤ ቀስ እያልኩ አነባለሁ። በገዛ ስልኬ ከፍቼ፣ መነጽሬን አድርጌ ተቀመጥኩ። «የኻሊዲያዋ እናት ዕድሜ ይስጥልን» ይላል አንዱ። «ሰፈፉን ላንቺ ያሉት ገደለኝ» ትላለች ሌላዋ። «የዛኸሯን እናት ፊት አያችሁት? ትራፊክ ያስቆመው ሹፌር ይመስላሉ» ያለም አለ። ከሁሉም መካከል ለእኔ የቆመ አንድ ሰው ፈለግሁ። አጣሁ። ይኼ ደግሞ ፍትሕ አይደለም። አንድ ሰው እንኳን መኖር አለበት።

ስለዚህ እኔው ጻፍኩ። «እኔ ሁለቱንም ሴቶች አላውቃቸውም። ነገር ግን የአል አይኗ አያት በጣም ብልህ ሴት ናቸው። መልካቸውም ያምራል። በደል ደርሶባቸዋል።» ፊደሉን እየለቀምኩ ስጽፈው የአስር ሶላት ደረሰ፤ ሰግጄ ተመልሼ ጨረስኩት። ላክሁት።

አስተያየት ስትጽፉ ፎቶአችሁ ከጎኑ እንደሚወጣ ማንም አልነገረኝም። ያውም የትኛው ፎቶ? ሃናን ልደቷን ስታከብር ጫፉ ሹል የሆነ የወረቀት ኮፍያ የጫነችልኝ።

ማታ ሰዓዳ ከሥራ ስትገባ ጫማዋን አላወለቀችም።

«እማዬ፣ ስልክሽን ወዲህ በይ።»

«ምን ሊሆን?»

«ሱቅ ውስጥ እየሳቁብኝ ነው የዋሉት።»

«እኔ ምን አጠፋሁ? አላውቃቸውም ብዬ ነው የጻፍኩት።»

«ኮፍያ አድርገሽ እኮ ነው፣ እማዬ።»

ከቪዲዮው ይልቅ የእኔን አስተያየት የወደደው ሰው በዛ። ከወደዱት መካከል ወይዘሮ ዘሃራ አለችበት። ቀይ ልብ አስቀምጣልኛለች። ስድብ ብትልክ ይሻለኝ ነበር፤ ስድብ ይመለሳል። ለቀይ ልብ ምን ይመለሳል?

ያን ጊዜ ነው «ይቺ ሴትዮ ታጭበረብራለች» ያልኩት። መጀመሪያ የጠረጠርኩት ስልኩን ነው። አሁን ስልክ ውስጥ ሲያናግሩት የሚመልስ ነገር አለ አይደል፤ እሱን ትጠይቃለች ብዬ። እኔም ጠየቅሁት። ያንኑ የኤሲ እንቆቅልሽ። በመጀመሪያ ግሩም ጥያቄ መጠየቄን ነገረኝ። አመሰገነኝ። ከዚያ መልሱ ያዘነ ሰው ነው አለ። አይደለም አልኩት። ትክክል ነዎት፣ ይቅርታ፣ ሻማ ነው አለ። አይደለም። ትክክል ነዎት፣ ይቅርታ፣ የግድግዳ ሰዓት ነው።

«ኸላስ፣ በቃ፣ አገር ስጠኝ» አልኩት።

ስለ ኢትዮጵያ አቀማመጥ፣ ስለ ተራሮቿና ስለ ወንዞቿ ማብራራት ጀመረ። ዘጋሁት። ሲሸነፍ ከማይናደድ ነገር ጋር ምን ጨዋታ አለ?

ስልኩ ካልሆነ ሰው ነው። ሰው ከሆነ ደግሞ ከቤቴ ነው፤ እንቆቅልሼን ከዓርብ በፊት የሚሰሙት ሦስት ሰዎች ብቻ ናቸው። ስለዚህ ወጥመድ አዘጋጀሁ። ከየትም የሌለ፣ መልስ የሚባል ነገር ያልተፈጠረለት እንቆቅልሽ አወጣሁ። «ጠዋት ይስቃል፣ ቀትር ላይ ያለቅሳል፣ ሲመሽ ጀርባውን ያካል።»

ለሰዓዳ ሽንኩርት እየከተፍን መልሱ ብረት ድስት ነው አልኳት። ለአሕመድ ውኃ መኪናውን ሲያጥብ ጠጋ ብዬ መልሱ ጎማ ነው አልኩት። ልቤ እሱ ላይ ነበር። የገዛ እናቱ አይደለች፣ ሌላ ማን ይነግራታል? ሃናንን ግን ጠርጥሬም አልነበረም። ሁለቱን ፈትኖ አንዷን መተው እኩል አይሆንም ብዬ ብቻ ነው። የኢድ ዕለት ጠዋት ፀጉሯን እየጎነጎንኩ ነገርኳት።

«መልሱ ሐብሐብ የተሸከመ ግመል ነው።»

«ጠዋት ለምን ይስቃል?»

«ገና ስላልጫኑት።»

«ለምን ጀርባውን ያካል?»

«አንቺ ሐብሐብ ተሸክመሽ ዋይና እይው።»

አመነች። እኔም ስናገረው ጥቂት አመንኩ።

ከቀትር በኋላ ኻሊዲያ ገባን። ወይዘሮ ዘሃራ በአዲስ ልብስ ተቀበለችን፤ ተሳሳምን፣ በሽታችንን ቆጠርን፣ በላን፣ ጠጣን። ከዚያ ጀማል ስልኩን አስተካክሎ ሊቀርጽ ተቀመጠ። እኔና እሷ ፊት ለፊት ሆንን። ሃናን የእጅ ኮምፒውተሯን ይዛ ከሶፋው ኋላ ገባች። እዚያ ይሻለኛል አለች።

«እንቆቅልሽ» አልኩ።

«ምን አውቅልሽ።»

ጠየቅኋት። ዓይኔን አሕመድ ላይ ተክያለሁ። አሕመድ ቴምር ይበላል። ወይዘሮ ዘሃራ አንገቷን ደፋች። ሻርፗ ሥር፣ ጭኗ ላይ፣ የሆነ ነገር ብርሃን ሰጠ። ቀና ስትል ግንባሯ ተኮማትሯል።

«ሐብሐብ የበላ ግመል» አለች።

አሕመድ ቴምሩን ማኘክ አቆመ።

«ጎማ አይደል እንዴ?» አለ አሕመድ።

«ድስት ነው እኮ» አለች ሰዓዳ።

እኔ ዞሬ ወደ ሶፋው አየሁ። ከኋላው የሚታየው የሃናን አናት ብቻ ነው፤ ጠዋት በገዛ እጄ የጎነጎንኩት ጉንጉን። አልተንቀሳቀሰም።

ምን ያህል ጊዜ ይችን ቅጽበት እንደተመኘኋት ልነግራችሁ አልችልም። «ያዝኳችሁ» ልል ነበር፤ ጀማልም እየቀረጸ ነው፤ በፍየሉና በሽንኩርቱ መካከል ስሜ ሊታደስ ነው። ጉንጉኑን ሳየው ግን አፌ አልታዘዝ አለኝ።

«ሃናን» አልኩ፤ «ነይ ወጥ ቤት ውኃ ስጪኝ።»

መጣች። በሩን ዘጋሁት።

«አንቺ ነሽ?»

ብርጭቆውን እስከ አፉ ሞላችው።

«በምንድነው የምትነግሪያት?»

«ሥዕል ነው የምልከው። እማማ ዘሃራ ማንበብ አትችልም። ግመል ላክሁ፣ ከዚያ ሐብሐብ ላክሁ።» ትንሽ አሰበች። «ተሸከመ የሚል ሥዕል የለም።»

«ለምን እንደዚህ አደረግሽ፣ የኔ ልጅ?»

«የመጀመሪያው ቀን ስትሸነፍ ስልኩን ዘጋች። ከዚያ አልደወለችም። አጎቴ ጀማልን ስጠይቀው፣ እሱ ሥራ ሲሄድ መስኮቱ ጋ ተቀምጣ ነው የምትውለው አለኝ። አንቺ ስትሸነፊ ትቆጫለሽ፤ ከዚያ አዲስ ታወጫለሽ። አንቺ አትዘጊም።»

«እኔንስ? ለእኔ ማን ሥዕል ይላክልኝ?»

«አንቺ እኮ እኔ አለሁሽ» አለች፤ እንደ ሞኝ እያየችኝ። «ሁልጊዜ። እሷ ያላት ዓርብ ብቻ ነው። ፌር አይደለም።»

ማንጎው መጥቶ ፊቴ ላይ ተደቀነ። የቆረጠው አይመርጥም ያልኩት እኔ። ከትልቁ ቁራጭ ጋር ስኖር ኖሬ በትንሹ የቀናሁትም እኔ። እውነቱን ለመናገር ግን ቅናቴ በዚህ አልበረደም። እንዲያውም አንድ አዲስ ተጨመረበት፤ ለካ ሃናን የምትጨነቀው ለእሷ ነው።

ውኃውን ጠጥቼ ተመለስኩ። ሁሉም ፍርዴን እየጠበቁ ነው። ወይዘሮ ዘሃራ እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ፣ ፈተና ያላለፈች ተማሪ መስላ ታየኛለች። ከኋላዋ በመስኮቱ ያ የሚወራለት መርከብ ሲያልፍ አየሁ። ቆሜ አየሁት። እውነት ነው ያምራል። ደግሞ ቀኑን ሙሉ፣ ብቻን ተቀምጠው የሚያዩት ነገር አይደለም።

ነገሩን መዘንኩ። «የተሸከመ እንጂ የበላ አይደለም» ብል አሸንፋለሁ፤ ማንም አይጋለጥም፤ ደሴን እጠይቃለሁ። ነገር ግን ያ እንቆቅልሽ መልስ የለውም። መልስ ለሌለው ጥያቄ የተሳሳተ መልስ ከየት ይመጣል? እሷ ካጭበረበረች እኔም አጭበርብሬያለሁ፤ እንዲያውም ቀድሜ። እኩልነት መውደድ አንዳንዴ እንዲህ ጥርስ የሚያስነቅል ሕመም ነው።

«ልክ ነው» አልኩ።

«ጎማውስ?» አለ አሕመድ።

«ዝም በል።»

«አገር ስጪኛ» አለች ወይዘሮ ዘሃራ፤ ፊቷ በራ።

«ምን የቀረኝ አለ? አል አይንን ውሰጂ። ዛኸር ግን አብራ አልሄደችም።»

«አል አይን ገብቼ» አለች፤ «ከሎሚው ዛፍ ሥር ተቀምጬ፣ የሃናንን ፀጉር ጎንጉኜ፣ ጉንጉኑን ለኔ፣ ማበጠሪያውን ላንቺ ትቼ።»

ፉከራ ነው ብዬ ተውኩት። በሚቀጥለው ሳምንት የጀማል መኪና በራችን ላይ ቆመች። ጀማል መጀመሪያ ሻንጣ አወረደ፣ ቀጥሎ እናቱን።

«እንደምን ሰነበቱ፣ እትዬ?» አልኩ። «በደህና ነው?»

«በደህና ነው» አለች፣ ቀሚሷን እያስተካከለች። «አገሬን ልጎበኝ መጥቼ ነው።»

በእኔ ክፍል ተኛች። ኤሲው ደህና የሚደርስበትን በኩል ያዘች። ሾርባዬን ቀምሳ «ጨው በሐኪም ትእዛዝ ነው የተከለከሉት?» አለችኝ። የሃናንን ፀጉር አንዱን ጉንጉን ወደ ምሥራቅ፣ አንዱን ወደ ምዕራብ አድርጋ ሠራቻት፤ ልጅቷም እሱን ይዛ ትምህርት ቤት ሄደች። የሎሚ ዛፏ እንኳን፣ እኔ ስለምናት ስኖር ዘግታኝ የኖረችው፣ እሷ የሻይ ቅጠል በደፋችባት ሳምንት አበባ አወጣች። እዚህ ግቢ ውስጥ የሚያፍር ዛፍ እንኳን የለም።

ዓርብ ደረሰ። ወንዶቹ ከጁምዓ ተመልሰው ምሳ ተበላ። ምንጣፉ ላይ ተቀመጥን። ሃናን በመካከላችን በሆዷ ተኝታ የእጅ ኮምፒውተሯን ትነካካለች። ወሎ የእሷ ነው፤ አል አይን የእሷ ነው። ለእኔ የቀረችኝ ዛኸር ብቻ ናት። ዛኸር ከሄደች በገዛ አልጋዬ ላይ እንግዳ መሆኔ ነው። የመጠየቅ ተራው የእሷ ነበር።

«እንቆቅልሽ።»

«ምን አውቅልሽ።»

«እርጥብ ቤት ውስጥ ትኖራለች፣ ቀኑን ሙሉ ስትሠራ ትውላለች፣ ከበሩ ብቅ ካለች ግን ሰው ይቀየማታል።»

አሰብኩ። እንቁራሪት ልል አልኩ። ዓሣ ልል አልኩ። የልብስ ማጠቢያዋን መኪናም አሰብኩ። ወይዘሮ ዘሃራ ጣቷን ጉልበቷ ላይ ትመታለች። ላቤ መጣ።

ጭኔ ላይ ያለው ስልክ ነዘረ።

እንግዲህ ማጭበርበር የማልወድ ሴት መሆኔን ከላይ ነግሬያችኋለሁ። ስለዚህ ያየሁት በአንድ ዓይኔ ብቻ ነው። መነጽሬንም አላደረግሁም።

ቢጫ ፊት ነው። ምላሱን ጎልጉሎ አውጥቶብኛል። የላከችው ሃናን ናት።

ደሜ ፈላ። እኔ በጭንቅ ላይ እያለሁ፣ ያሳደግኋት ልጅ ምላሷን ታወጣብኛለች? ልነሣና ጆሮዋን ልይዛት ቃጣኝ። ሃናን ከሥር ቀና ብላ አየችኝ፤ ዓይኗን አፈጠጠች፣ አገጯን ወደ ስልኬ ወረወረች። እንደገና ፊቱን አየሁት። እንደገና ሃናንን።

«ምላስ» አልኩ ቀስ ብዬ።

የወይዘሮ ዘሃራ ጣት መምታቱን አቆመ። እኔን አየችኝ፣ ስልኬን አየችው፣ ሃናንን አየቻት። ሃናን ፊቷን ምንጣፉ ውስጥ ቀበረች።

«አገር ስጪኝ» አልኩ።

«የቱን ልስጥሽ?»

«ታውቂዋለሽ የቱን እንደሆነ።»

ጥቂት አንገራገረች። «ደሴን ሰጥቼሻለሁ።»

«ደሴ ገብቼ» አልኩ፤ ድምፄ አላሳፈረኝም፤ «የሠራሽውን ቤት በነጻ ወርሼ፣ ማሩን ለኔ፣ ሰፈፉን መልሼ ላንቺ።»

ሃናን እየተንከባለለች ሳቀች። የዚያን ቀን ከሶፋው ስትወድቅ የሳቀችውን አስታውሼ መዘንኩት። እኩል ነው። ምናልባት የእኔው ትንሽ ይበልጣል፤ ግን እኩል ነው ልበል።

ልጅቷ ውኃ ልትጠጣ ስትሄድ ወይዘሮ ዘሃራ ወደ እኔ ተጠጋች። በጨዋታው ያመጣችውን «አንቺ» ወደ «እርስዎ» አልመለሰችውም።

«አንቺስ ዕድለኛ ነሽ» አለችኝ በለሆሳስ። «አንድ ሥዕል ነው የደረሰሽ።»

«እሱም ቢሆን ሊያጣላን ነበር።»

«ያ ግመል ግን» አለች፤ ከኢድ ጀምሮ ሲከነክናት የኖረ ነገር እንደሆነ ያስታውቃል። «ሐብሐቡን ምን አድርጎት ነው?»

«ተሸክሞት ነው።»

አሰበችበት። ራሷን ነቀነቀች።

«በላው ይሻል ነበር» አለች፤ «ሸክሙም ይቀልለት ነበር።»